ሰባተኛው ቡጢና የእማማ መቀስ መስኮት

እማማ መቀስን የጠየቃቸው የለም። በፊት ለፊቱ ክፍላቸው ጌም ቤት የከፈተው ልጃቸው አዲሱ ጌም የመጣ ቀን ያልጠየቀው ሰው አልነበረም። ፀጉር አስተካካዩን ጠየቀ፣ የአውቶብስ ሹፌሩን ጠየቀ፣ ሶኬት ሊያበጅ መጥቶ መሰላል ላይ የተንጠለጠለውን ኤሌክትሪሺያን ሳይቀር አንገቱን ወደ ላይ አቅንቶ "እንዴት ነው፣ ከበፊቱ አይለይም?" አለው። ኤሌክትሪሺያኑም ብሎን በጥርሱ እንደያዘ "ይለያል" አለ። ብሎን የነከሰ ሰው ምስክርነት ተቆጠረ። በዚያው ክፍል፣ በዚያው ወንበር ላይ፣ ከመጀመሪያው ቡጢ እስከ ስድስተኛው ድረስ ጆሯቸው ሲደበደብ የኖሩት እናት ግን እንደ ግድግዳ ታለፉ። ግድግዳስ ቢሆን ሚስማር ሊመቱበት ሲሉ ይጠየቃል፤ ይችል እንደሆነ በጣት ይንኳኳል።

የጌሙ እውነተኛ ስም ረጅም ነው። ቤቱ ግን "ቡጢ" ነው የሚለው፤ ቡጢ አንድ፣ ቡጢ ሁለት እየተባለ ሰባት ላይ ደርሷል። ሁለት ሰዎች ስክሪን ላይ ፊት ለፊት ይቆማሉ፣ ይደባደባሉ፣ አንዱ ይወድቃል፣ የወደቀው ይነሳል፣ እንደገና ይደባደባሉ። በቃ፣ ይኸው ነው። እማማ መቀስ እንደሚሉት፣ ገላጋይ ያጡ ሁለት ባለጌዎች።

"መቀስ" የሚለውን ስም ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። ልብስ ሰፊ ስለሆኑ ነው የሚል አለ። ምላሳቸውን የቀመሰ ሰው ግን ምክንያቱን ሌላ ቦታ አይፈልግም።

የፊት ለፊቱ ክፍል ያለው አንድ መስኮት ነው፤ ከመስኮቱ ሥር የስፌት መኪናቸው ተቀምጧል። ክፍሉ ድሮ ሙሉውን የእሳቸው ነበር። ልጃቸው ጌም ቤት ልክፈት ያለ ጊዜ "አንድ ጥግ ብቻ እማዬ" ብሎ ነበር የገባው። ቡጢ ሦስት ሲመጣ የመቁረጫው ጠረጴዛ ወደ መኝታ ክፍል ተሰደደ። ቡጢ አራት የክሩን መደርደሪያ በላው። ቡጢ አምስት ደንበኛ ልብሱን ለክቶ ራሱን የሚያይበትን መስታወት አስነሳ። ከዚያ ወዲህ ልብሱ ያምርበት እንደሆነ ደንበኛ የሚሰማው ከእማማ መቀስ አፍ ብቻ ሆነ፤ ይኸም ደንበኛ አላበዛላቸውም። ቡጢ ስድስት ወንበራቸውን ካስጠጋው ወዲህ መርፌ ሲያጠልቁ ክርናቸው የመስኮቱን ደፍ ይመታል። በየቁጥሩ ጌሙ "ፍጹም አዲስ" ነበር። በየቁጥሩ የሚገፋው ግን ያው አንድ ሰው ነው።

የዚያን ቀን ልጅየው እጁን ኪሱ ከቶ አጠገባቸው ቆመ። እጁን ኪሱ ከቶ ደግ ነገር ተናግሮ አያውቅም።

"እማዬ፣ መኪናሽን ወደ ጓዳ ብናስገባውስ?"

እማማ መቀስ የባንክ ዘበኛውን ጥቁር ካፖርት እየተረተሩ ነበር። ቀና አላሉም። "ብናስገባው የምትለው አንተና ማን ናችሁ?"

"ማለቴ፣ ሰባት ቁጥር ትልቅ ስክሪን ይፈልጋል። ያው፣ መጥቷል።" ግድግዳውን ተደግፎ የቆመውን ረጅም ካርቶን በአገጩ አሳየ። "እሱን የሚችል ቦታ ያንቺ ብቻ ነው። ጓዳ ደግሞ አምፖል አለልሽ።"

"ጥቁር ጨርቅ በጥቁር ክር በአምፖል! ስፌቱን በምን ላየው ነው፣ በጸሎት?"

"ዓይንሽንም ብታሳርፊው ምናለ?"

"ዓይኔ የሚያርፍበትን ቀን እኔና ፈጣሪ እንነጋገርበታለን፤ አንተ መሃል አትግባ።" አሁን ቀና አሉ። "ለመሆኑ የዚህ የሰባትህ ምኑ ነው አዲስ?"

የልጅየው ፊት በራ። እጁም ከኪሱ ወጣ። "ሁሉ ነገሩ! ፀጉራቸው አንድ በአንድ ይንቀሳቀሳል። ላባቸው ሲንጠባጠብ ይታያል። አዲስ ታሪክ አለው፤ ሁለቱ ወንድማማቾች የአባታቸውን ደም ሊመልሱ..."

"በስድስተኛውስ ምን ሊያደርጉ ነበር?"

"የአባታቸውን ደም..."

"በአምስተኛው?"

"እማዬ!"

"ምን እማዬ ትለኛለህ! ሰውየው እኮ እስካሁን አፈር ሆኖ በአፈሩ ላይ ሣር በቅሎበታል። ይህን ሁሉ ተደባድበው ገዳዩን ያላገኙ ልጆች ደም መላሽ አይባሉም፣ ሥራ ፈት ነው የሚባሉት። የሞኝ ዘፈን ሁልጊዜ አበባዬ!" መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አስተካክለው ሰባት ለሙከራ ወደተከፈተበት አሮጌው የግድግዳ ስክሪን ዞሩ። "ይቺን ሴትዮ ደግሞ አውቃታለሁ። በአራተኛው ቀሚሷ ጉልበቷ ላይ ነበር፣ በስድስተኛው ጭኗ ላይ ወጣ፣ አሁን እንደማየው ጨርቁ አልቆባቸዋል። አዲስ ነገር የምትሉት ይህን ከሆነ መቀስ እኔም አለኝ። አንድ የምቀናበት ነገር ቢኖር፣ ያ ጎረምሳ እግሩን ጆሮው ድረስ ሲሰቅል ሱሪው አለመቀደዱ ነው። ሰፊውን አምጡልኝ፤ ከእሱ ጋር ወሬ አለኝ።"

ፀጉር አስተካካዩ ከት ብሎ ሳቀ። የጌም ቤቱ አውራ እሱ ነው። ሱቁ ከጎን ነው፤ ደንበኛው ጭንቅላቱ ግማሹ ተላጭቶ ግማሹ ሳይላጭ እየጠበቀው እንኳ መጥቶ አንድ ጨዋታ ሳይጫወት አይመለስም። ሳቁን ጨርሶ ጆይስቲኩን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

"እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሸሚዝስ? ሁለት እጅጌ፣ አንድ ኮሌታ፣ ፊት ለፊት ቁልፍ። እስከ ዛሬ ሦስተኛ እጅጌ ጨምረው ያውቃሉ? ታዲያ እርስዎም ዕድሜ ልክዎን ያንኑ ሸሚዝ ሲደግሙ ነው የኖሩት እንበል?"

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። የክፍሉስ ባልከፋ፤ ልጃቸውም ሳቀ። እማማ መቀስ መተርተሪያቸውን አስቀመጡ። ነገሩ እንደ መርፌ ነው የገባው፣ ምክንያቱም ውሸት አልነበረም። ሸሚዝ ያው ሸሚዝ ነው። እሳቸው ግን ሸሚዝ ሁሉ ያው እንዳልሆነ ያውቃሉ፤ ይህን ላልሰፋ ሰው ማስረዳት ደግሞ ለዕውር ቀይን እንደ መንገር ነው። ይኸው ፀጉር አስተካካይ አሁን በጌም ነገር እሳቸውን ዕውር፣ ራሱን ሰፊ አድርጎ ቁጭ አለ ማለት ነው። ካፖርቱን ወደ ብርሃኑ ከፍ አደረጉት።

"ልክ ነህ፣ ሸሚዝ ያው ሸሚዝ ነው" አሉ በመጨረሻ። "ግን ስማኝ። እኔ የተበላ ኮሌታ ፈትቼ፣ የተበላውን ወደ ውስጥ፣ ደህናውን ወደ ውጭ አድርጌ ስሰፋ፣ ለባለቤቱ 'ገልብጬልሃለሁ' ብዬ ነው የምሰጠው። ይኸው ይህን የዘበኛ ካፖርት እየገለበጥኩ ነው፤ ዘበኛውም የሚለብሰው መገልበጡን አውቆ ነው። ፍጹም አዲስ ካፖርት ነው፣ ሰባተኛህ ነው፣ እናትህን ጓዳ አስገብተህ ቦታ ልቀቅለት አላልኩትም።"

"ይቺ ገባች!" አለ ሹፌሩ። ሹፌሩ በአውቶብሱ የእረፍት ሰዓት እየመጣ ከቡጢ ስድስት ላይ የማይነሳ፣ ሲሸነፍ የሚኖር፣ ግን ቅር የማይለው ሰው ነው። በጨዋታው እንዲህ ያለ ቡጢ አሳርፎ ስለማያውቅ የሌላ ሰው ሲያርፍ ደስ ይለዋል።

ፀጉር አስተካካዩ ግን ተቆጣ። "እማማ፣ እርስዎ ለጌሙ ጀርባዎን ሰጥተው ነው የኖሩት። በምን ያውቁታል?"

"በጆሮዬ ነዋ! ጆሮዬን ማን ሸፈነልኝ?"

"እንግዲያው በጆሮዎ ይለዩት! አንድ ጊዜ ስድስትን አንድ ጊዜ ሰባትን እንጫወትልዎ፣ ዞረው ተቀምጠው የቱ እንደሆነ ይንገሩን። ስድስትና ሰባትን እንኳን እርስዎ ደንቆሮም ይለያቸዋል። ከተሳሳቱ ግን ስለ ጌም ምንም አያውቁም ማለት ነው፤ መኪናው ጓዳ ይገባል።"

"ይገባል!" አለ ልጅየው፣ ማንም ሳይጠይቀው።

እማማ መቀስ ቆም ብለው ቢያስቡት ኖሮ ነገሩ ወዴት እንደሚያደርስ ባዩት። ኩራት ግን ቆም ብሎ አያውቅም። "አምጣው!" አሉና ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ነርስ የሆነችው ምራታቸው ከጓዳ ወጥታ ዳኛ ሆና መሃል ቆመች። ይቺ ሴት የቤት ክርክር ስትዳኝ እንኳ የልብ ትርታ የምትቆጥር ነው የምትመስለው፤ ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም። ሹፌሩና ፀጉር አስተካካዩ ጆይስቲክ ያዙ፣ ልጅየው ድምፁን ከፍ አደረገ። ጩኸት፣ ግርፊያ፣ "እህ!"፣ የወደቀ ሰው፣ የተነሳ ሰው፣ ሁሉንም እየተከተለ የሚያብድ አስተዋዋቂ። እማማ መቀስ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ።

"ሰባት ነው" አሉ።

"ስድስት!" ክፍሉ ጮኸ። ሹፌሩ በሳቅ አንገቱን ደፋ።

ቀየሩት። እንደገና ጩኸት፣ እንደገና ግርፊያ፣ እንደገና "እህ!"። አሁን የእማማ መቀስ ፊት ፈገግታ አልነበረውም። ጣታቸው የካፖርቱን ጫፍ እየጠቀለለ ይፈታል። "ይኸ... ስድስት ነው።"

"ሰባት! ሰባት!" ፀጉር አስተካካዩ ከወንበሩ ዘለለ። "ጨረስን! እማማ፣ ጆሮዎም ጡረታ ወጥቷል!"

እማማ መቀስ ወደ ሰዉ አልዞሩም። አልለዩትም፤ ቁርጡ ይኸው ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ሳይወዱ የሰሙትን ነገር መለየት ሲያሻ ጆሯቸው ከዳቸው። አጠገባቸው የስፌት መኪናው እግር ወለሉን ሲፍቅ ተሰማቸው። ልጅየውና ፀጉር አስተካካዩ በሁለት ጫፍ ይዘው ከነጠረጴዛው አንስተውታል። የብርሃኑ ቦታ ባዶውን ቀረ፤ ሥሩ የተጠራቀመው የክር ቁርጥራጭና አቧራ እንደ ገመና ተገለጠ።

"ቆዩ እስቲ" አለች ምራታቸው።

ቆሙ።

"ደንቆሮም ይለየዋል አላላችሁም?"

"ብለናል!" አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ እያለከለከ። "እሳቸው ግን..."

"እሳቸውማ አልለዩትም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ጆሯቸው ጤነኛ እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፤ ጓዳ ሆኜ የማንሾካሹከውን ሁሉ ይሰሙታል። ጆሮ ያለው ሰው መለየት ካቃተው፣ የጠፋው ጆሮው ነው ወይስ የሚለይ ነገሩ?"

መኪናው አየር ላይ ቀረ። የብረት መኪና አየር ላይ ሲቀር ደግሞ ለማሰቢያ ጊዜ አይሰጥም፤ ሁለቱም ፊታቸው እየቀላ ክፍሉ መሃል አስቀመጡት። ሹፌሩ ነገሩ ዘግይቶ ገባውና በዝግታ መሳቅ ጀመረ። "ቆይ... እሳቸው እኮ 'አንድ ነው' ነበር ያሉት። ሲሳሳቱ፣ አንድ ነው ማለት... ኧረ ጉድ! እኛው ፈትነን እኛው ወደቅን!"

እማማ መቀስ ይህን አላሰቡትም ነበር። ቢሆንም እንዳሰበበት ሰው ቀስ ብለው ዞሩ፣ መነጽራቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉት፣ "እስክትነቁ እየጠበቅኩ ነበር" አሉ። ስለ ራሳቸው ትንሽ ማጋነን አይከብዳቸውም።

ፀጉር አስተካካዩ ግን እንደተሸነፈ ሰው አልተቆጣም፤ እንደተበደለ ሰው አዘነ። "አንድ ጊዜ ብቻ" አለ። "እማማ፣ እባክዎ አንድ ጊዜ ብቻ ይዙሩልኝ። ሰባት ነው፤ አልደብቅዎትም። አንድ ነገር ላሰማዎ።" ሹፌሩንም "አንተ ዝም ብለህ ምታኝ" አለው።

እማማ መቀስ ዞሩ። አሸናፊ ሰው ለጋስ ነው።

ከቡጢ አንድ እስከ ቡጢ ስድስት አንድ ሕግ ነበረ፤ የጀመረ ቡጢ ይደርሳል። ሥጋ ላይ ቢያርፍ አንድ ድምፅ፣ ክንድ ላይ ቢያርፍ ሌላ ድምፅ፣ ብቻ ይደርሳል። አሁን ግን "ሃ!" የሚለው መነሻ ጩኸት ተሰማና የሚከተለው ጠፋ። ባዶ። ክር እንደተበጠሰበት መኪና፣ መርፌው ወርዶ ጨርቁን ሳይዝ እንደሚመለስ። ወዲያው የሹፌሩ ሰው አየር ሲቀዝፍ "ሿ!" አለ፣ ከኋላው ደግሞ የዘገየው ቡጢ "ቧ!" ብሎ አረፈበት። አስተዋዋቂው አበደ።

የእማማ መቀስ እግር ፔዳል የሌለበት ወለል ላይ ቀጥ አለ። ይህን ሰምተውት አያውቁም።

መስኮቱ በእጃቸው ነው። "ምንም አልሰማሁም" ቢሉ ማን ያውቅባቸዋል? ሰዉ ሁሉ እንደማይለዩ በዓይኑ አይቷል። አንዲት ቃል፣ ከዚያ መኪናው ወደ ብርሃኑ ይመለሳል፣ ካፖርቱም በፀሐይ ያልቃል።

"ሰሙት?" አለ ፀጉር አስተካካዩ። ድምፁ ውስጥ ልመና ነበረ።

እማማ መቀስ በሆዳቸው ረገሙት። ቅድም ስለ ተገለበጠ ኮሌታ ያን ሁሉ ባያወሩ ኖሮ! የተገለበጠን አዲስ አልልም ያለ ሰው፣ አዲስን የተገለበጠ ነው ማለት አይችልም። ስፌት ላይ ዋሽተው አያውቁም፤ አሁን ለዚህ ጎረምሳ ብለው አይጀምሩም።

"ቡጢውን ጀምረህ ዋጥከው" አሉ። "ሊመታህ ሲመጣ አሳልፈህ መልሰህ ተፋኸው።"

ከፀጉር አስተካካዩ እጅ ጆይስቲኩ ወደቀ። "ሰሙት! በስድስቱም አልነበረም እኮ! ለሚስቴ ነገርኳት፣ ለደንበኛ ሁሉ ነገርኩ፣ ለልጅዎም ነገርኩት፤ 'አዎ፣ ፀጉራቸውም ይንቀሳቀሳል' ይሉኛል! የሚሰማኝ ሰው አጥቼ..."

"ፀጉሩን ተወው፣ ፀጉር ያንተ ሙያ ነው። ይቺኛዋ ግን እጅጌ ናት። እጅጌውን ጣት ያህል ወደ ፊት አስጠግቶ የሰፋ ሰው አዲስ ሸሚዝ ሰፍቷል። አላፊ አግዳሚው አያይለትም፤ ለባሹ ግን ክንዱን ያነሳ ዕለት ያውቃታል።" ከዚያ ጣታቸውን ቀሰሩበት። "አንተ ግን ምን ነካህ? ቅድም በሰባት ስትጫወት ይህን አንዴም አላደረግኸው፤ አድርገኸው ቢሆን ኖሮ እለየው ነበር። አዲስ ነው እያልክ ትምላለህ፣ አዲሱን በአሮጌ እጅህ ትጫወተዋለህ። የሚደግመው ጌሙ ብቻ መስሎህ ነው?"

ፀጉር አስተካካዩ እጁን አየ።

ልጅየው ግን የሰማው የሚፈልገውን ብቻ ነበር። "በቃ! ራሷ አዲስ ነው አለች!" ብሎ የመኪናውን ጠረጴዛ ጫፍ ያዘ። "ና፣ ያዝልኝ፣ ጓዳ እናስገባው!"

"ቁም!" እማማ መቀስ ተነሱ። ሲነሱ ጉልበታቸው ተንቋቋ። "ሰባት ሲገባ ስድስት ወዴት ይሄዳል?"

"የትም አይሄድም። ስድስትም ግድግዳው ላይ ባለው ስክሪን እንዳለ ይቀመጣል።"

"አዲሱ ካለ አሮጌው ምን ይሠራል?"

"ሰዉ ለምዶታላ። ስድስት ላይ እየተለማመዱ ቀስ በቀስ ወደ ሰባት ይሄዳሉ፤ ጨዋታው እኮ ያው..." ልጅየው ምላሱን ነከሰ። ዘግይቷል። ምራታቸው ወደ ግድግዳው ዞራ ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

"ያው ምን? ጨርሰው እንጂ የኔ ጌታ። አልሸሹም ዞር አሉ! ሲሸጥ ፍጹም አዲስ፣ ሲለመድ ያው።" ወደ መኪናቸው ሄደው እጃቸውን ብረቱ ላይ አሳረፉ። "እንግዲህ ሰምቻለሁ፣ መስክሬአለሁ። አዲስ የሆነው አንድ ጣት ነው፤ የቀረው ገላው ሁሉ ስድስት ነው። ስለዚህ ስድስትን ከዚያ ከአሮጌው ስክሪን አውርደህ በዚያው ስክሪን ላይ ሰባትን ስቀል። ያንን ካርቶን ቴፑ ሳይነሳ ወደ መጣበት መልስ። ለአዲሷ አንድ ጣት ደግሞ ከጠረጴዛዬ አንድ ጣት እለቅላታለሁ፤ ንፉግ አይደለሁም።"

"እኔስ?" አለ ሹፌሩ። "ስድስት ከወረደ የት ልጫወት?"

"ሰባት ላይ! ያው ነው ሲልህ አልሰማህም? የጎደለችህን አንድ ጣት ፀጉር አስተካካዩ ያስተምርሃል፤ መጀመሪያ ራሱ ይልመዳትና።"

ልጅየው የጠረጴዛውን ጫፍ እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ሚስቱን አየ፤ አላዳነችውም። ፀጉር አስተካካዩን አየ፤ እሱ ጆይስቲኩን ከወለል አንስቶ ቡጢ መዋጡን ብቻውን እየተለማመደ ነው። ብርሃኑ ከመስኮቱ ደፍ ላይ ወደ ጥጉ ማጋደል ጀምሯል።

"ምን ትጠብቃለህ?" አሉ እማማ መቀስ። "ዘበኛው ካፖርቱን ነገ ይወስደዋል፣ ፀሐይዋ ደግሞ አንተን አትጠብቅም። መኪናዬን ወደ ቦታው መልስ። እግሩን እንዳትጎትት፣ ከፍ አድርገህ አንሳው። ከነበረበት የሚጠጋው አንድ ጣት ብቻ ነው፤ የሚለካውም በዚያ በወፍራሙ ጣትህ ሳይሆን በእኔ ጣት። አንሳ!"